ስለታጠበችው ብረትና ስላልታጠበችው ትራክተር

ለክቡር የአነስተኛ እርሻ መሣሪያዎች ጥበቃና ደረጃ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ወረታ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቦዩ በአጥሩ ሥር በሚያልፍበት ግቢ

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎና ማኅተምዎ ሁሉ ደኅና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። ማኅተሙን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመጨረሻ በደረሰን ደብዳቤ ላይ አንድ ጎኑ ደብዝዞ ስላየሁት፣ ከሥራ ብዛት ደክሞት እንዳይሆን ሰግቼ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሩዙ በቅሏል፣ ትንኙ መጥቷል፣ ባጃጆቹም የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ላይ እንደወትሮው በጥሩንባ ይሰዳደባሉ። የርብ ወንዝ ግን ከሰሞኑ ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል፤ እሱ ሲደፈርስ ምን እንደሚከተል ደግሞ የፎገራ ሰው ለፎገራ ሰው አይነግርም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎ። ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ እንደታሸጉ በክብር መቀመጣቸውን ስለሰማሁ፣ ይኸኛው እንኳ የመክፈት ድካም ሳያስከትልብዎ እንዲነበብ አስቤ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ የሚያውቁት ስለሆነ ይህን አንቀጽ ዘለው ቢያልፉ ቅር አይለኝም፣ እስካሁንም ቅር ብሎኝ አያውቅም። መሥሪያ ቤትዎ ለእኛ ለቦይ ተጠቃሚዎች ማኅበር አንዲት ትንሽ ትራክተር በአደራ ሰጥቶናል። ትራክተሯ የተሠራችው የጓሮ ሣርና አበባ ለሚንከባከቡ ሰዎች ነው ይባላል፤ እዚህ መጥታ የፎገራን ዋልካ ጭቃ ስታይ ምን እንደተሰማት አላውቅም፣ ግን ሥራዋን አላስተጓጎለችም። ከፊቷ አፈር የምትገፋ ሰፊ አካፋ አላት። በየዓመቱ ወንዙ ሳይሞላ በቦዩ ውስጥ የተኛውን ደለል በዚች አካፋ እንጠርጋለን። ቦዩ ከላይ ከማሳዎቻችን ተነሥቶ፣ በስተመጨረሻ በወይዘሮ ሸዋነሽ ማሳና በእርስዎ አጥር መካከል ወርዶ፣ ከዚያም ታጥፎ የእርስዎን ግቢ አቋርጦ ወደ ርብ ይሄዳል።

ወይዘሮ ሸዋነሽን ያውቋታል። ከመስኮትዎ ሲመለከቱ ከቦዩ ማዶ የምትታየው ቤት የእርሷ ናት። አምና ቦዩ በጊዜ ስላልተጠረገ ውኃው እቤቷ ገባ፤ ላሟን አውድማ ላይ አስራ፣ እህሏን ቆጥ ላይ ሰቅላ፣ እርሷም አልጋ ላይ ተቀምጣ ክረምቱን በወንዝ መካከል እንዳለ ሰው አሳለፈችው። ሩዙ አንድም አልተረፈላት። ዘንድሮ ዘሩን ተበድራ ነው የዘራችው። ማኅበሩ በተሰበሰበ ጊዜ ብድግ ብላ «እንግዲህ ዘንድሮም ከገባብኝ፣ መሬቱን ለሰው ሰጥቼ ልጄ ዘንድ ጎንደር እገባለሁ፤ በስተርጅና ውኃ እየቀዳሁ ሳይሆን ውኃ እየደፋሁ አልኖርም» ብላ ተቀመጠች። የዚህ ሁሉ ነገር ልቡ ይኸው ነው፤ የቀረው ስለ ብረት ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ግንቦት ላይ ትራክተሯ ድንጋይ መታችና አካፋውን ከክንዷ ጋር የሚያያይዘው ብረት ለሁለት ተሰበረ። ብረቷ ትልቅ ነገር አይደለችም፤ እንደታጠፈ አውራ ጣት ጎበጥ ያለች፣ ጫፏ ላይ ቡሎን የሚገባባት ቀዳዳ ያላት ናት። ያለ እርሷ ግን አካፋው አካፋ አይደለም፣ ትራክተሯም ከጩኸት በቀር የምትሰጠው ነገር የለም። መሥሪያ ቤትዎ «አሮጌውን ያላስረከበ አዲስ አይወስድም» የሚል መመሪያ ስላለው ደስ አለን፤ አሮጌው በእጃችን ነበርና። ስሕተታችን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

እንደሚያውቁት በእኛ አገር የሰው ዕቃ እንደቆሸሸ አይመለስም። ወንፊት የተዋሰ አራግፎ፣ ድስት የተዋሰ አጥቦ፣ አህያ የተዋሰም አብልቶ ይመልሳል፤ ሰብሮ የሚመልስ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያጥባል፣ ሐፍረቱ አለበትና። ብረቷ የመንግሥት አደራ ናት። ስለዚህ ወይዘሮ ሸዋነሽ በአመድ ፈተገቻት። የትራክተሯ ነጂ አድማሴ ዝገቷን በሞረድ አነሣላት። ሁለቱ ስባሪዎች መንገድ ላይ እንዳይጠፋፉ በቀጭን ሽቦ አሰርናቸው፤ ሽቦው ለዓይን እንዳያስቀይም ቋጠሮውን በጀርባዋ በኩል አደረግነው። በያጁ የሱፍ የሰው በር ቀብቶ የተረፈው አረንጓዴ ቀለም ስለነበረው እሱን ደረበላት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሙሽራ የሸኘሁ ያህል ነበር የተሰማኝ።

ባለሙያዎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አገላበጣት፣ በእስክሪብቶው ኳ ኳ አደረጋት፣ ከዚያም «ዕቃው በመልካም ይዞታ ላይ ስለሚገኝ ምትክ አያስፈልገውም» ብሎ ጻፈ። የተሰበረች መሆኗን ብነግረው መነጽሩን አውልቆ አየኝና «ጋሼ፣ ሰው ስባሪ ቀብቶ ያመጣል እንዴ?» አለኝ። እናመጣለን ለማለት አፈርኩ። እንዲህ በደንብ የተያዘች ዕቃም ለእኛ ለሰባሪዎቹ ተመልሳ እንዳትሰጥ ተወስኖ፣ በኮሪደሩ ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች፤ «የአያያዝ ምሳሌ» የሚል ጽሑፍም ተለጠፈባት። ለተሰጠን ክብር መላው ማኅበሩ አመስጋኝ ነው። አካፋው ግን መሬት ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

ሁለተኛ። ምትኩ ከቀረ ይቅር ብለን፣ የሱፍ አስመስሎ እንዲሠራልን ብረቷን ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያውሱን ለመንን። «በመልካም ይዞታ ላይ ያለን ንብረት ወደ ብየዳ ቤት መላክ ለብልሽት ማጋለጥ ነው» የሚል መልስ ሰጡን፤ የመልሱን ጥልቀት ያደነቅሁት ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። እንግዲያው ሰውየው ራሱ ይምጣና እዚያው ይለካት አልን። ይህንንስ በደግነትዎ ፈቀዱ፤ ነገር ግን የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ስልጠና ላይ ነበር። አሁንም ስልጠና ላይ ነው። ስለምን እንደሚሠለጥን ጠይቄ ስለ ንብረት አያያዝ መሆኑን ስለነገሩኝ፣ እንዲበረታ ከመመኘት በቀር ሌላ አልጨምርም። የሱፍ መስታወቱ ፊት ተንበርክኮ በስንዝሩ ሊለካ ሲሞክር ጥበቃው ደረሰና «እጅ አይፈቀድም፣ በዓይንህ ብቻ» አለው። ምስኪኑ የሱፍ ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ «ወላሂ፣ ሚስቴን ላጭ በሄድኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተጠበቀችብኝም» አለ። ጥበቃዎ ሳቀ። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ጉዳያችን ካገኛቸው መልሶች ሁሉ ፈጣኑ ያ ሳቅ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም።

ሦስተኛ። ይህ እንኳ ንጹሕ ምስጋና ነው። አምና ለነጂያችን ለአድማሴ የጻፉለትን የተግሣጽ ደብዳቤ ያስታውሱ ይሆናል፤ ትራክተሯን ከሥራ በኋላ አያጥብም የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አያጥብም። «ነገ ተመልሳ ለምትገባበት ጭቃ ዛሬ ምን አለፋኝ?» ይላል። ሚስቱም ስለ እርሱ ስትናገር ከዚህ የተለየ አትልም። ዋልካ ደግሞ እንደሚያውቁት ሲረጥብ የሚያስገባ፣ ሲደርቅ የማያስወጣ አፈር ነው፤ በትራክተሯ ክንድ ላይ ከዓመት ዓመት ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ብረቷ የተሰበረች ጊዜ ስባሪዎቹን ከዚያ ውስጥ እንደ ጥርስ ነቅለን ነው ያወጣናቸው።

እናም ከቁም ሣጥኑ ፊት ባዶ እጁን የተመለሰው የሱፍ ቢያንስ የክንዱን ስፋት ልለካ ብሎ መጣና፣ ጭቃው ስላስቸገረው በመዶሻ ቀስ እያደረገ ዙሪያውን መታው። ጭቃው ሳይፈርስ እንደ ዳቦ ሙሉውን ለቀቀ። ገልብጠን ስናየው ውስጡ ላይ ብረታችን ቁጭ ብላለች፤ እርሷ ሳትሆን ቅርጿ፤ ጉብጠቷ፣ ውፍረቷ፣ የቡሎኑ ራስ የተጫነበት ስፍራ ሳይቀር። መሥሪያ ቤትዎ በመስታወት ቆልፎ የጠበቀውን ነገር ጭቃው ያለ ቁልፍ ሲጠብቅልን ኖሯል። የሱፍ መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው ሳቀና «አድማሴ፣ ለካ ስንፍናህ ሙያ ኖሯል!» አለው። አድማሴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «ምን ስንፍና ትለዋለህ፣ መዝገብ ቤት ነው እንጂ» ብሎ መለሰለት። ያን የተግሣጽ ደብዳቤ ቢፈጽመው ኖሮ ዛሬ ምን እንሆን ነበር ብዬ ሳስብ ይዘገንነኛል፤ ደብዳቤ ጽፈው ስለመፈጸሙ ባለመከታተልዎ ከልብ እናመሰግናለን።

አራተኛ። የሱፍ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት ቆርጦ፣ አግሎ፣ በጭቃው ልክ አጥፎ፣ በስቶ ብረቷን ሠራት። አካፋው ተነሣ። አንዲት ጉድለት ግን አለችበት፣ አልደብቅም፤ ዋልካ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቅርጹ በአንድ ወገን ትንሽ ጠብቦ ኖሮ፣ አካፋው ወደ ግራ ያዘነብላል። አፈሩን ሁሉ ወደ ግራ ነው የሚደፋው። አድማሴ በዚህ ሲያማርር የሱፍ «ጭቃህን ጠይቀው፣ እኔ የነገረኝን ነው የሠራሁት» አለው። እንዳዘነበለ ሥራ ጀመረ።

በመካከሉ ተቆጣጣሪዎ ደረሰ። ስንለምን ወራት የፈጀበት መንገድ ስንሠራ በአንድ ማለዳ ማለቁ አስደስቶኛል። ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ ጽፎ ሰጠን፦ ማያያዣው ደረጃው ያልተረጋገጠ ነው፤ አካፋው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ደረጃው የሚረጋገጠው ከዋናው ብረት ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ዋናው ብረት ያለው በቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ ያው እንደሚያውቁት ነው። እስከዚያው ድረስ ትራክተሯ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ በፍጹም እንዳትገባ፣ ከግቢው ውጭ ለምታደርሰውም ማናቸውም ነገር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ በማኅተም አረጋገጠልን። በሁለተኛው አልተደናገጥንም፤ ቀድሞም ወስዶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ግን በጥብቅ አከበርን።

እንዴት እንዳከበርነው ልንገርዎ። አድማሴ ቦዩን ከላይ ጀምሮ እየጠረገ ወረደ፤ የእኔን ማሳ አለፈ፣ የሌሎቹንም አለፈ፣ በወይዘሮ ሸዋነሽ ማሳና በእርስዎ አጥር መካከል ደረሰ። ወይዘሮ ሸዋነሽ ያለችው በግራ በኩል ነው። ተቆጣጣሪዎ በጽሑፍ እንዳረጋገጠው አካፋው ወደ ግራ ስለሚያዘነብል፣ ያ ሁሉ ደለል በእርሷ በኩል ተደፍቶ ከወገብ የማያንስ ጥሩ መከታ ሆነላት። የእርስዎ በቀኝ በኩል ነው፤ በቀኝ በኩል አንድ አካፋ አፈር አልወደቀም። ከዚያም ቦዩ ወደ ግቢዎ ከሚታጠፍበት ስንደርስ መመሪያውን አስታወስንና ቆምን። አድማሴ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ለአጥሩ እጅ ነሥቶ ተመለሰ።

ስለዚህ ዛሬ ያለው ሁኔታ ይህን ይመስላል። ቦዩ ከላይ እስከ አጥርዎ ድረስ እንደ አስፋልት ጠርቷል፤ ውኃው ሳይደነቃቀፍ እየሮጠ ይመጣል። ከአጥርዎ ወዲያ ግን ቦዩ በደለል ሞልቶ ሣር አብቅሏል፤ የጥበቃዎ በግ ሲግጥበት አይቻለሁ። ውኃው እየሮጠ መጥቶ እዚያ ሲደርስ ወደ ፊት መንገድ ያጣል፣ ወደ ግራ መከታ ያገኛል። ወደ ቀኝ ምን እንደሚያገኝ የእርስዎ መስኮት ከእኔ ብዕር የተሻለ ያሳይዎታል። ሕግ አክባሪዎች በመሆናችን የመጣ ነገር ስለሆነ እንደማይቀየሙን እርግጠኛ ነኝ።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ከሁሉ የሚመርረውም እሱ ነበር። ትናንት ጽፌ ጨርሼ ለወይዘሮ ሸዋነሽ ሳነብላት ግን እስከ አራተኛው ድረስ ስትስቅ ቆይታ አምስተኛው ላይ ወረቀቱን በእጇ ከደነችው። ከዚያ «ይኸን ተወው» አለችኝ። «ሰዎቹን ከምትሰድብ ንገራቸው እንጂ። ግቢያቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ይገባባቸዋል። እኔ ውኃ በበር ሲገባ አይቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ምንጣፉን ያነሣል፣ ከዚያ ጫማህን ይዞ ይዞራል፤ ለማንም አይሁን። ደግሞስ ያ አፈር ለኔም ቢሆን እስከ መቼ ይይዘዋል? ውኃ ከፊቱ ካልሄደ ወደ ኋላው ነው የሚመለስ።» ስለዚህ አምስተኛውን ሰርዠዋለሁ፤ በምትኩ የእርሷን አስገብቻለሁ። ከእኔ አራቱ ይልቅ የእርሷ አንዱ የሚያስጨንቀኝ እውነቷን ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ልመናችን አጭር ናት፤ አዲስ ብረት አንልም፣ አሮጌዋንም አንልም፣ ቁልፉም ስልጠናውን ይጨርስ። ያችን ደረጃዋ ያልተረጋገጠ አካፋ ይዞ አድማሴ ለአንድ ማለዳ ወደ ግቢዎ እንዲገባ፣ በዚያው በደከመው ማኅተምዎ አንዲት የፈቃድ ወረቀት ብቻ ይስጡን። በቀኝ በኩል እንዲደፋልዎ ከፈለጉ አድማሴ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ እየተመለሰ ሊጠርግ ይችላል፤ ያኔ የእርስዎ በኩል ግራ ይሆናል። አስቦበታል። ርብ ቀድሞ ከመጣ ግን ፈቃድ እንደማይጠይቅ ከአምናው ልምድ እናውቃለን፤ ከመጣም በኋላ ወይዘሮ ሸዋነሽ ጎንደር ገባች፣ መሥሪያ ቤቱም ወደ ሌላ ሕንፃ ገባ የሚባል ዜና መስማት አንፈልግም። ሁላችሁም ባላችሁበት እንድትቆዩልን ነው ምኞታችን፤ የእርሷን ከልብ፣ የእርስዎንም በጨዋነት።

ሰማዩ እስኪጠራ፣ ወንዙም እስኪጎድል ድረስ እግርዎ ደረቅ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ፋይሎችዎም የማይንሳፈፉ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ከአጥርዎ ማዶ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ዘመኑ አዛናው
የቦይ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለበያጅ የሱፍ፣ ለማበረታቻ
ለነጂ አድማሴ፣ ከተግሣጽ ደብዳቤው ጋር እንዲያስቀምጠው
ለጥበቃው በግ፣ ከፍ ያለ ቦታ እንዲፈልግ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃዱ ሳይደርስ ውኃው ከቀደመ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ያለችውን ብረታችንን ለማንሣት እንዳይቸገሩ። እንዳለች ይተዉልን። ውኃው መስታወቱን ሰብሮ ይገባና ሲጎድል ጭቃው በላይዋ ላይ ይቀራል፤ አደራዎን፣ ማንም እንዳያጥባት፣ ደርቆ ይያዝባት። የዚያን ጊዜ የሱፍ በመዶሻው ቀስ አድርጎ ይመታውና ሙሉ ቅርጿን ይወስዳል፤ ቁልፉንም ከስልጠና አንጠብቅም።